ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ፦ የአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ዝውውር

በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ እኔ በማስተምርበት ካዛንቺስ አጠገብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የመዝገብ ቤቱን በር ከጠዋት እስከ ማታ ሰልፍ አልተለየውም። ወላጅ ሁሉ የሚመጣው መሸኛ ሊያወጣ ነው። በ2016 ፒያሳና አራት ኪሎን የነካው የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ደርሶ ሰፈሩ እየተነሳ ነበር። ብዙው ነዋሪ የተዛወረው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወዳለው ገላን ጉራ ነው። ልጆቹ ከቤታቸው ጋር ትምህርት ቤታቸውንም ለቀቁ፤ ያውም ትምህርት በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ።

አብዛኞቹ ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ፣ ተመዘገቡ፣ ቀጠሉ። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ከእኛ ወጥቶ እዚያ ያልደረሰ አንድ ልጅ ነው። ታሪኩን በዝርዝር የምጽፈው፣ ለማቋረጥ የተጋለጠ ተማሪ ስሙ በአዲሱ ክፍል መቆጣጠሪያ ላይ ተጠርቶ “አቤት” እስኪል ድረስ የለቀቀው ትምህርት ቤት ኃላፊነት እንደማያበቃ በግልጽ ስላሳየኝ ነው። ልጁንና ቤተሰቡን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችን ቀይሬያለሁ ወይም ትቻለሁ። እናቱም እሱም እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

ልጁ

ያኔ 15 ዓመቱ ነበር፤ 8ኛ ክፍል። 7ኛን አንዴ ደግሟል። ከእናቱ፣ ከአያቱና 3ኛ ክፍል ከምትማር እህቱ ጋር በአያቱ ስም በተያዘ የቀበሌ ቤት ይኖር ነበር። እናቱ መናኸሪያው አካባቢ ጀበና ቡና ታፈላለች። እሱ ከትምህርት በኋላ ለሱቆች ዕቃ ያወርዳል፤ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ሚኒባስ ላይ ረዳት ይሆናል።

ውጤቱ ከመሃል ዝቅ ያለ ነው፣ ሒሳብ ሲቀር። ሒሳብ ላይ የሚገርም ፍጥነት አለው። የክፍል ኃላፊዋ “መልስ ሲመልስ የለመደ ጭንቅላት ነው” ትላለች፤ የታክሲ መልስ ማለቷ ነው።

እሷ ስለዚህ ልጅ የምታውቀው ብዙ ነገር ካርዱ ላይ የለም። ሰኞና ዓርብ የሚቀረው የዕቃ መኪና የሚገባው በእነዚያ ቀናት ስለሆነ እንደሆነ ከስም መቆጣጠሪያው ላይ ለይታ ደርሳበታለች። ከልጅነቱ ጀምሮ የግራ ጆሮው እንደሚፈስና በዚያ በኩል ሲጠሩት እንደማይሰማ ታውቃለች። ስለዚህ በግራ ግድግዳ ጥግ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች፤ እዚያ ሲቀመጥ ደህናው ጆሮው ወደ ክፍሉ ይዞራል። ቆሞ እንዲያነብ ስታዘው እንደሚያፍርም ስለምታውቅ ወንበሩ ድረስ ሄዳ ታስነብበዋለች። ይህን ሁሉ ያዘዛት ሰው የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ልጁን በማየት ያጠራቀመችው ዕውቀት ነው።

የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ባልፋንዝና ባልደረቦቹ በፊላደልፊያ ከተማ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት፣ ትምህርቱን የሚያቋርጥ ልጅ ከብዙ ዓመት በፊት ምልክት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ምልክቶቹ ከትምህርት ቀናት ከ80 በመቶ በታች መገኘት፣ በሒሳብ መውደቅ፣ በእንግሊዝኛ መውደቅ እና የጠባይ ችግር ናቸው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ያሳዩ ልጆች አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃን በጊዜው አልጨረሱም። የእኛም ልጅ በመቅረት ምልክቱን ሰጥቶ ነበር፤ የክፍል ኃላፊዋም አይታው ነበር። ዝውውር ላይ ያለው ችግር ምልክቱ ከልጁ ጋር አለመሄዱ ነው። የስም መቆጣጠሪያው ለቆት በሚሄደው ትምህርት ቤት ይቀራል። አዲሱ ትምህርት ቤት አዲስ መስመር ሲከፍትለት ልጁ አንድም ቀን ያልቀረ ተማሪ ሆኖ ይጀምራል፤ ለመምህሩም ምንም የሚያሳስብ ነገር አይታይም።

ሦስት ቦታ፣ ሦስት ግምት

ቤቱ በተነሳበት ሳምንት ልጁ ከትምህርት ቀረ። ዕቃ ሲጫን፣ አያቱን ሲያደርስ፣ አዲሱ ቤት በር ሲያስገጥም ነው ብለን አሰብን፤ እውነትም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ መሸኛ ጠየቀ። መዝገብ ቤቱ እንደ ደንቡ ክሊራንስ እንዲያመጣ ነገረው። ክሊራንስ ደግሞ የወሰደውን መጽሐፍ ሁሉ መመለስ ይጠይቃል። ቤት ሲፈርስና ዕቃ በችኮላ ሲጫን ከመጽሐፎቹ ገሚሱ ጠፍተዋል። መጽሐፍ የጠፋበት ይተካል ወይም ይከፍላል፤ ካልሆነ ወረቀት የለም።

ልጁ ምንም ሳይመልስ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅነው ቆይተን ነው። ለእናቱ “መሸኛው እስኪደርስ ካዛንቺስ ጓደኛዬ ጋ እያደርኩ እማራለሁ” አላት። እሷም አመነችው፤ በተባለው መሠረት ልጇ ከእኛ ጋር ነው። እኛ ደግሞ መሸኛ የጠየቀ ልጅ ስለሆነ፣ ሳይጨርስ ቀርቶ በሌላ መንገድ ተመዝግቧል ብለን ገመትን። በዚያ ወር ብዙ ልጅ እንዲያ አድርጓል። የገላን ጉራው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩንም አያውቅም። ሦስት ቦታ ያሉ አዋቂዎች፣ ሦስቱም ልጁ ሌላ ቦታ እየተማረ መስሏቸዋል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን አልደወለም።

ያገኘው የግቢያችን ጥበቃ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ሲመጡ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” እያለ ሲጣራ አዩት። ግቢ ሲደርሱ ቀጥታ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ሄደው፣ “ቲቸር፣ ያ ልጅሽ እኮ አልሄደም፤ ረዳት ሆኗል” አሏት። በማግሥቱ እዚያው ቦታ ሄደን አገኘነው። የጠፉትን መጽሐፎች ዋጋ እያጠራቀመ ነበር። እናቱ የቡና ደንበኞቿን በአንድ ሳምንት ያጣች ሴት ናት። ገንዘብ ከእሷ መጠየቅ ስላልፈለገ ለእሷም ለእኛም ሳይናገር ራሱ ሊከፍል ወስኖ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምግብ መናገር አለብኝ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከቅድመ መደበኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ይህ ከቀኑ ምግብ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ምግቡ ግን የሚደርሰው በክፍሉ ለተገኘ ልጅ ነው። ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ያልገባ ልጅ በዚያው ቀን ከሁለት ማዕድ ይጎድላል። ያን ጊዜ የሚያበላው የሚኒባሱ ሥራ ነው፤ የሚያበላው ሥራ ደግሞ በቀላሉ አይለቀውም። አንድ ተማሪ በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል የሚቆይበት እያንዳንዱ ሳምንት ስንት ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ይቆይ ወይስ ይሂድ?

ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ የክፍል ኃላፊዋ፣ እናቱ፣ ልጁና እኔ ተቀመጥን። የመጽሐፉ ጉዳይ በአጭሩ አለቀ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ሰብሳቢ ተጠርተው፣ መጽሐፎቹ በመኖሪያ መነሳት ምክንያት መጥፋታቸው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ክሊራንሱ ተፈረመ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው የፈጀው። ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ችግር የቆሙ ሌሎች ልጆችም በዚያው ቃለ ጉባኤ ተስተናገዱ።

የከበደው ሌላው ጥያቄ ነበር። ልጁ መሄድ አልፈለገም። “ሚኒስትሪ እዚህ ልፈተን” አለ። የክፍል ኃላፊዋም ከእሱ ጋር ናት፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪን በዓመቱ መካከል ማንቀሳቀስ አይገባም፣ ሰኔ ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለበት ብላ ተከራከረች። ክርክሯ ባዶ አልነበረም። አሁን ባለው የ6-2-4 አደረጃጀት 8ኛ ክፍል የመካከለኛ ደረጃ መጨረሻ ነው። ጥቅምት ላይ የተዛወረ የ8ኛ ክፍል ልጅ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 9ኛ ብሎ እንደገና ይዛወራል።

በሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ በሕግ የመለሱ አሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና በኋላ የተጠናከረው የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ፣ ቋሚ መኖሪያ ያጣ ልጅ ለእሱ የሚበጅ ሆኖ ሲገኝ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ የመቀጠል መብት ይሰጠዋል። አዲስ ትምህርት ቤት ከገባም ወረቀቱ ባይሟላ ወዲያው ተመዝግቦ እንዲማር፣ ማስረጃውን ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ ያስገድዳል። በየትምህርት አስተዳደሩም ይህን የሚከታተል ሰው ይመደባል። የእኛ ልጅ ምትክ ቤት ያገኘ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ሁኔታው አንድ አይደለም። የሕጉ ቅደም ተከተል ግን ልቤን ገዝቶታል፤ መጀመሪያ ልጁ ይቀመጥና ይማር፣ ወረቀቱ ይከተላል።

ወደ ስብሰባችን ልመለስ። እናቱ ብዙ አልተናገረችም። ሁላችንም ከጨረስን በኋላ፣ “ቲቸር፣ እኔ ማታ ማታ ልጄን ቤቴ ልየው” አለች። ጥያቄው ተለወጠ። የት ይማራል ስንል ቆይተን የት ያድራል ማለት ጀመርን። የሚያድረው በዕድሜ ከእሱ የሚበልጡ ረዳቶች በጋራ በተከራዩት ክፍል ነው፤ ጫት አለ፣ ሌላም አለ። ከገላን ጉራ ተመላልሶ ይማር ቢባል ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ በታክሲ ላይ ታክሲ መቀያየር አለበት፤ የትራንስፖርቱን ገንዘብ ለማግኘትም ተመልሶ ረዳትነት ይገባል። እንዲሄድ ተወሰነ። እኔ ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደህና ማደሪያ ያለው ልጅ ቢሆን ኖሮ ግን ተቃራኒውን እደግፍ ነበር። ለሁሉም ልጅ የሚሠራ አንድ መልስ የለም፤ የልጁን ሌሊት ሳያውቁ መወሰን ግን አይቻልም።

አንዲቷ ገጽ

መሸኛው ላይ የሚጻፈው ስም፣ ክፍል፣ ውጤት፣ ጠባይና የለቀቀበት ምክንያት ነው። የክፍል ኃላፊዋ ከዚያ ውጭ ለአዲሱ የክፍል ኃላፊ አንድ ገጽ በእጇ ጻፈች። ከመላኩ በፊት ለልጁ አነበበችለት። ይህን ያደረገችው በራሷ ሐሳብ ነው፤ ከሠራነው ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ይመስለኛል።

ልጁ ስለ አባቱ የተጻፈችውን ዓረፍተ ነገር አስሰረዘ። ስለ ጆሮው የተጻፈውን ግን “ይቅር?” ብትለው “ይኑር” አለ። አንድ ነገርም አስጨመረ፦ ስልክ መጠገን እንደሚችል። ለአዲስ መምህር ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ ጉድለት ብቻ እንዳይሆን ፈልጎ ነው። ስለ ልጅ የሚጻፍ መረጃ ልጁ ሳያውቀው ከሄደ በሄደበት ሁሉ ቀድሞት የሚደርስ ሐሜት ይሆናል። አይቶ፣ አርሞና ፈቅዶ ከሄደ ግን የራሱ መተዋወቂያ ነው።

የመጨረሻው መስመር በሁለቱ የክፍል ኃላፊዎች መካከል የተደረገ ስምምነት ነበር። ልጁ ሁለት ቀን በተከታታይ ከቀረ አዲሱ መምህር ለእሷ ይደውላል። የሁለቱም ስልክ ቁጥር እዚያው ተጻፈ።

ወረቀቱ በፖስታ ተደርጎ ለልጁ አልተሰጠም። የክፍል ኃላፊዋ ፈቃድ ወስዳ ከእናቱና ከልጁ ጋር ገላን ጉራ ድረስ ሄደች። እዚያ ያለው ምክትል ርዕሰ መምህር በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤቱ በዚያ ሰሞን ከካዛንቺስ በሚመጣ ልጅ ተጨናንቆ እያለም ልጁ በዕለቱ ክፍል ገባ፣ ምሳም በላ።

“ወላጅ አምጣ”

ሳምንት አለፈ፤ ደህና ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለእኛ ተደወለ። ልጁ ሁለት ቀን ቀርቷል።

የሆነው እንዲህ ነው። የአንድ ትምህርት መምህር በግራ በኩል ሆኖ ጠርቶታል፣ አልመለሰም። ደግሞ ጠርቶታል፣ አልመለሰም። ንቀት መስሎታል። ከክፍል አስወጥቶ “ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ” ብሎታል። ለእኛ ይህ የተለመደ ትእዛዝ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ በየቀኑ ይባላል። ለዚህ ልጅ ግን ከትምህርት የማባረር ያህል ነው። እናቱ ከገላን ጉራ ተነስታ የቀራትን ደንበኛ ፍለጋ ጠዋት ትወጣለች፤ አንድ ቀን ከቀረች የዚያን ቀን ገቢ የለም። ልጁም አልነገራትም። ዩኒፎርሙን ለብሶ እየወጣ ትምህርት ቤቱ አካባቢ ይውላል።

አንዲቷ ገጽስ? የተማሪው ፋይል ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነበረች። በደንቡ መሠረት ከመሸኛው ጋር ተያይዛ ተቀምጣለች። የክፍል ኃላፊው ስልክ ቁጥሩንና የሁለት ቀኑን ስምምነት በቃል ስለሰማ ደወለ፤ ስለ ጆሮው ግን አላነበበም። ይህ ማንንም የሚያስወቅስ አይደለም፤ ፋይል የሚሠራው ለማስቀመጥ ነው። አስተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ግን መድረስ ያለበት አስተማሪው እጅ ነው፤ በተለይም የክፍል ኃላፊው ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍል የሚያስተምሩ ሁሉ ሊሰሙት ይገባል።

በስልክ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ንግግር ነገሩ ተፈታ። መምህሩ ልጁን ጠርቶ አነጋገረው፤ ወንበሩ በግራ ግድግዳ በኩል ወደ ፊት ተቀየረ፤ ወላጅ የማምጣቱ ጉዳይ በስልክ ከእናቱ ጋር በመነጋገር ተተካ። ስለ ጆሮው ጤና ጣቢያ ተላከ፤ ከዚያ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈለት። የጆሮው ታምቡር ተበስቶ ተገኘ። ጠብታ ተሰጠው፣ ውኃ እንዳያስገባ ተነገረው፣ ክትትል አለው። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ጆሮው በሐኪም ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ሌላም አንድ ጥያቄ ተነሳ። ከካዛንቺስ የመጡት ልጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ ላይ ይበላሉ፣ ይረብሻሉም፤ አንዳንድ መምህራን ይበተኑ አሉ። የክፍል ኃላፊው ግን እንዳይለያዩ አደረገ። እኔም ደገፍኩት። የእነዚህ ልጆች ወላጆች ዕድራቸው ተበትኗል፣ ጎረቤታቸው ተበትኗል። ልጆቹ ከድሮው ሰፈር የቀራቸው እርስ በርስ መተዋወቃቸው ብቻ ነው። ልጃችን የቀረባቸውን ቀናት ደብተር የገለበጠው ከእነሱ ነው፤ ጠዋት ቤቱ መጥተው የሚጠሩትም እነሱ ናቸው።

ከፈተናው በኋላ

የተፈታኞች ምዝገባ ላይ ለትንሽ ጊዜ ተጨነቅን፤ የልደት ማስረጃው ላይ ያለው የስሙ አጻጻፍ ከውጤት ካርዱ ጋር አልገጠመም። መዝገብ ቤታችን የቀድሞውን የ6ኛ ክፍል ማስረጃ አውጥቶ ስለላከ ተስተካከለ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ገባ፤ እንግሊዝኛ ላይ ነው ያተኮረው። ዓርብ ዓርብ መቅረቱ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ግን በቀረ ቁጥር የሚደውል ሰው አለ፣ እሱም ያን ያውቃል።

ሰኔ ላይ ተፈተነ፤ አለፈ። ሒሳብ በጥሩ ውጤት፣ እንግሊዝኛ ለጥቂት።

በ2018 መስከረም ልጁ 9ኛ ክፍል ገባ፤ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ የክፍል ኃላፊ። በዚህኛው ዝውውር ገጿን የጻፈው ራሱ ነው። የገላን ጉራው መምህር ቁጭ ብሎ ረዳው፤ ልጁም በእጁ ይዞ ሄዶ ለአዲሷ የክፍል ኃላፊ ሰጣት። ስለ ጆሮው የተጻፈው መጀመሪያው መስመር ላይ ነው።

አሁን ያለው ችግር ምሳ ነው። ምገባው እስከ 8ኛ ክፍል ስለሆነ 9ኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ልጁ ቅዳሜና እሑድ ረዳትነት ይሠራል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ረቡዕም መቅረት ጀምሮ ነበር። አዲሷ የክፍል ኃላፊ ለገላን ጉራው መምህር ደወለች፤ እሱም ለእኛ። የአዲሱ ትምህርት ቤት ወተመህ ጉዳዩን አይቶ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ሻይ ቤት ለእሱና በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላሉ ጥቂት ተማሪዎች ምሳ እንዲያቀርብ አስማምቷል፤ ወጪውን ወላጆች አዋጥተው ይሸፍናሉ። የተዋጣው እስከ ጥር ያደርሳል። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከየት እንደሚገኝ ገና አልተወሰነም፤ ኅብረቱ ከገና በፊት ለዚሁ ጉዳይ እንደገና ሊሰበሰብ ቀጠሮ ይዟል፤ የእኛም ክፍል ኃላፊ ተጋብዛለች።